ስድስቱ ሐምራዊ ጋዋኖች

[ጂንካ፣ ከገበያው ማዶ ያለ ፎቶ ቤት። ፎቶ አንሺው ጎሳዬ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ኮምፒውተሩ ፊት ቆሟል። ልብስ ሰፊው ጅሩ ጥቁር የመዘምራን ጋዋን በክንዱ አንጠልጥሎ ፎቶው ላይ አፍጥጧል።]

ጅሩ፦ ጥቁር ነው እልሃለሁ!

ጎሳዬ፦ ሐምራዊ ነው!

ጅሩ፦ ይኸው ከስድስቱ አንዱ እጄ ላይ ነው። ጥቁር!

ጎሳዬ፦ እጅህ ላይ ያለውን ተወውና ትናንት ያነሳሁትን ፎቶ ተመልከት። አሥራ ስምንት መዘምራን። አሥራ ሁለቱ ጥቁር፣ ስድስቱ ሐምራዊ። ቁጠር።

ጅሩ፦ [ስክሪኑን በጣቱ እየነካ] አራት፣ አምስት፣ ስድስት... ሰባትም አለ።

ጎሳዬ፦ ጣትህን አንሳ፤ ጥላው ነው።

ጅሩ፦ ስፌቱ ግን አምሯል።

ጎሳዬ፦ ስለ ስፌት ማን አወራ? ቀለሙ ለቋል! የመዘምራኑ መሪ ሚልክያስ አሁን ይደውልልኛል። «ለቋል» ካልኩት አሥራ ስምንቱንም ጋዋን ይመልስልሃል።

ጅሩ፦ የሦስት ወር ሥራዬን? ኧረ ወንድሜ! ይሄ ወሬ ከወጣ ከዚህ በኋላ ሱሪ ለማሳጠር እንኳ ማን በሬን ያንኳኳል?

ጎሳዬ፦ ምን ላድርግህ? ሰው ይዋሻል፤ ካሜራ አይዋሽም።

ጅሩ፦ እሺ፣ ይሄ ከኋላቸው ያለው ምንድነው?

ጎሳዬ፦ የቸርቹ ማንጎ ነዋ።

ጅሩ፦ ቅጠሉ ሮዝ ነው።

ጎሳዬ፦ ፀሐይ መትቶት ነው።

ጅሩ፦ ሳሩስ?

ጎሳዬ፦ እሱንም መትቶታል።

ጅሩ፦ እኔ ጋዋን ነው የሰፋሁት። ማንጎውን አልሰፋሁም።

ጎሳዬ፦ አትከራከረኝ! ሃያ ዓመት ፎቶ ያነሳሁ ሰው ነኝ።

[ጅሩ ተክዞ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን የቴሌቪዥን ሪሞት በርቶ በቆመው ካሜራ ፊት እያገላበጠ ይጫናል። የካሜራውን ስክሪን በጎን ያጮልቃል።]

ጅሩ፦ ሪሞትህ መብራት አለው እንዴ?

ጎሳዬ፦ የምን መብራት? ሪሞት መብራት የለውም።

ጅሩ፦ በዓይኔ ሳየው የለውም። በካሜራህ ሳየው ግን ቦግ፣ ቦግ ይላል።

ጎሳዬ፦ [ደረቱን ነፍቶ] አሁን ጆሮህን ስጠኝና ተማር። እሱ ኢንፍራሬድ ይባላል። ከቀይ ማዶ ያለ፣ የሰው ዓይን የማያየው ብርሃን ነው። ዲጂታል ካሜራ ግን ያየዋል።

ጅሩ፦ የተሸሸገውን ሁሉ ያያል? ኪሴ ውስጥ ያለውንም?

ጎሳዬ፦ ኪስህን ምን አመጣው! ብርሃኑን ነው የሚያየው። አንዳንድ ጥቁር ጨርቅ ለዓይን ጥቁር ነው፤ ያን ብርሃን ግን መልሶ ይረጨዋል። ቅጠልም እንደዚያው። ለዚህ ነው ፋብሪካው ካሜራው ውስጥ መከላከያ መስታወት የሚያደርግለት፤ ፊልተር። እሱ ባይኖርማ ጥቁሩ ሐምራዊ፣ ቅጠሉ ሮዝ ሆኖ ይወጣ ነበር!

ጅሩ፦ [ወደ ማንጎው ፎቶ እያየ] ጉድ ነው! እንዲህ ያለ ካሜራ አይተህ ታውቃለህ?

ጎሳዬ፦ እኔ? በፍጹም።

ጅሩ፦ ያንተው ውስጥስ ፊልተሩ አለ?

ጎሳዬ፦ የለም፤ ኦሞ ዳር ዱስ መንደር ላይ የሸጠልኝ ፈረንጅ አስወጥቶታል። ቅጠልን ነጭ አድርጎ ማንሳት ይወድ ነበር። በምትኩ ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዝ መስታወት ሰጥቶኝ ነበር።

ጅሩ፦ የታለ?

ጎሳዬ፦ ወረወርኩት። መስታወት በመስታወት ላይ ምን ይሠራል? ብርሃን ነው የሚሻማኝ።

ጅሩ፦ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ አልገባኝም። እስቲ ያንተን ኮት ላንሳው?

ጎሳዬ፦ አንሳ! የኢጣሊያ ሱፍ ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ያሰፋሁት። ጥቁር ምን እንደሚመስል ተማር።

[ይቆማል፤ አገጩን ያነሳል። ጅሩ ካሜራውን ይጫናል። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ያጎነብሳሉ።]

ጅሩ፦ ሐምራዊ ያምርብሃል።

ጎሳዬ፦ [ወንበሩ ላይ ዝርግት ብሎ] ወይኔ ጎሳዬ! ፊልተሩ! ባለፈው እሁድ በልዑልቃል ሰርግ ላይ ሚዜዎቹን «ርካሽ ሱፍ ነው የለበሳችሁት» ብዬ በሰው ፊት አዋርጃቸዋለሁ!

ጅሩ፦ ቆይ። [ከኪሱ ትንሽ የልብስ ቁልፍ ጣሳ ያወጣል። በክዳኑ ቦታ ክብ መስታወት ተገጥሞበታል።] ይሄ ይሆን እንዴ? መስኮትህ ሥር ወድቆ አግኝቼው ነው። ቁልፎቹ ሳልከፍተው ይታዩኛል።

[ጎሳዬ ይነጥቀዋል፤ መስታወቱን ነቅሎ በኮቱ እጅጌ ወልውሎ ሌንሱ ላይ ይጠመዝዘዋል። ጅሩ ጋዋኑን ደርቦ ደጅ ቅጠላማው አጥር ሥር ይቆማል። ጎሳዬ ያነሳዋል።]

ጎሳዬ፦ ጥቁር! ከሰል የመሰለ ጥቁር! ቅጠሉም አረንጓዴ!

[ስልኩ ይጮኻል።]

ጎሳዬ፦ አቤት ወንድም ሚልክያስ... ጋዋኑ? ኧረ ምንም አልለቀቀም! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ካሜራዬ ዋሽቷል... አዎ፣ እኔው ጎሳዬ ነኝ... ነገ በነፃ ደግሜ አነሳችኋለሁ። [ዘግቶ] በቃ፣ ተረፍክ።

ጅሩ፦ እግዚአብሔር ይባርክህ! ልቤ አሁን ገና ቦታው ገባ። አንድ ነገር ልለምንህ? ቅዳሜ ካሜራህን አውሰኝ። መስታወቱን አውልቀህ።

ጎሳዬ፦ አውልቄ? ለምን?

ጅሩ፦ ገዘር ገበያ ወርጄ ጨርቅ ስገዛ ልለይበት ነው። ያኔ አሥራ ሁለት ጋዋን እንደሰፋሁ ጣቃው አለቀብኝ፤ የቀረውን ስድስት ከገዘር ባመጣሁት ጨረስኩ። እኔም ሚልክያስም ፀሐይ ላይ አውጥተን አስተያየነውና «አንድ ነው» አልን። ያንተ ካሜራ ግን ስድስቱን ነጥሎ አወጣቸው፤ አንድ እንኳ አልሳተም!

ጎሳዬ፦ ታዲያ ካሜራዬ አልዋሸማ!

ጅሩ፦ አልዋሸም።

ጎሳዬ፦ እኔ እኮ አሁን በስልክ መሰከርኩበት!

ጅሩ፦ ማን አስቸኮለህ?

ጎሳዬ፦ ቆይ፣ ቆይ... የኔ ኮትስ? የኢጣሊያው ሱፍ ምን ሆኖ ነው ሐምራዊ የወጣው?

ጅሩ፦ [የኮቱን ጠርዝ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ይስቃል] ይሄን ጨርቅማ አውቀዋለሁ። ስድስት ጋዋን ሰፍቼበታለሁ።