የስድስት ዓመት ሙከራ

ሞካሪ የሚባል የሰው ዓይነት ገጥሟችሁ ያውቃል? ጫማ ሊገዛ ገብቶ፣ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሲለካ ከርሞ፣ የድሮውን ተጫምቶ የሚመለሰውን ማለቴ ነው። እነዚህ ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ክፋትም ውሳኔ ይፈልጋል። አንዱ ስድስት ዓመት ሙሉ ፍቅረኛዬ ነው። ጎፋ ይኖራል። ሥራው ፕሮግራመር ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ባለፈው ካፌ ቁጭ ብለን፣ «ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?» ስለው ላፕቶፑን ከፈተ። ሰውዬው ሲጨንቀው ያስተምራል።

«ይሄ ሳንድቦክስ ይባላል» አለኝ። «ክላውድ ላይ ያለ፣ ለብቻው የታጠረ የሙከራ ክፍል በይው። ኮድሽን እዚህ ራን ስታደርጊው፣ ምንም ቢበላሽ የእኔን ላፕቶፕ አይነካም። በይ ጀምሪ፤ ስምሽን እንዲጽፍ እዘዢው።»

ያለኝን አንድ መስመር ጻፍኩ። ስሜ ስክሪኑ ላይ ወጣ። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ክፍሉን ዘጋና እንደገና ከፈተው። ባዶ ነው።

«ስሜስ?» አልኩት።

«ሲዘጋ ይጠፋል። ጥቅሙ እሱ ነው እኮ፤ እዚህ የምትሠሪው ነገር ወደ ውጪ አይወጣም፣ ማንም አያየውም።»

ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ የነበረውን ኩራት ብታዩት።

ትምህርቱ ቶሎ ገባኝ። እናቱ የሚኖሩት ፉሪ ነው፤ ከጎፋ በታክሲ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። እስከ ዛሬ ስሜን አያውቁም።