የአፈር ማስወገጃ ቃለ ጉባኤ

[አራተኛ ፎቅ፣ አንዲት ጠባብ በረንዳ። ስድስት የቀለም ባልዲዎች ተደርድረው በየውስጣቸው አንዳንድ ደረቅ አገዳ ቆሟል። የባልዲዎቹ ባለቤት የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር። ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመት ቢሞላውም ሰፈሩ ዛሬም "ኃላፊው" ይለዋል፤ እሱም አልጠላውም። አጠገቡ የቆመው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሊፍት ጠጋኝ ነው። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል፤ እንዲህ የሚለው ግን ኃላፊው ብቻ ነው። አንድ ጆንያ አፈር መካከላቸው አስቀምጠው እየተከራከሩ ነው።]

ኃላፊው፦ ሞቷል አልኩህ እኮ።

ጠጋኙ፦ ማን?

ኃላፊው፦ አፈሩ ነዋ።

ጠጋኙ፦ ነፍስ ይማር። በምን ሞተ?

ኃላፊው፦ በረሃብ። አንድ ዙር ቲማቲም ያበቀለ አፈር ጉልበቱ ተሟጦ ያልቃል። መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው።

ጠጋኙ፦ ርቦት ከሆነማ ለምን አናበላውም?

ኃላፊው፦ ሬሳ ይጎርሳል?

ጠጋኙ፦ [እጁን ጆንያው ውስጥ ከቶ] ኧረ ትል አለበት፣ ጋሼ።

ኃላፊው፦ ሬሳ ላይ ትል ቢኖር ምን ይገርማል?

ጠጋኙ፦ ይሄኛው ግን ወፍሯል። የተራበ ቤት ውስጥ እንዴት ወፈረ?

ኃላፊው፦ አየህ፣ ሊፍቱ በእጅህ ዓመት የሚፈጀው ለዚህ ነው፤ ጥያቄ ታበዛለህ። ና ፈርም።

[ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀትና ከአሮጌ ጫማ ሶል ራሱ የቀረጸውን ማኅተም አወጣ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ ተነፈሰበት።]

ጠጋኙ፦ አፈር ለመጣልም ቃለ ጉባኤ?

ኃላፊው፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት የተሰበረች ወንበር ያለ ወረቀት ከቢሮዬ ወጥታ አታውቅም። "ንብረት፦ አፈር። ብዛት፦ አንድ ጆንያ። ሁኔታ፦ ከአገልግሎት ውጪ።" እዚህ ጋ ፈርም። የቀረውን እንደ ወትሮው ወጥ ቤት ወስደህ ከእህትህ ጋር ሙሉት።

ጠጋኙ፦ እርስዎ አያነቡትም?

ኃላፊው፦ የራሴን ቅጽ? [ማኅተሙን አሳረፈ።] በል ተሸከም። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ይሄ ጆንያ ከዓይኔ ይጥፋልኝ።

ጠጋኙ፦ ስድስት ሰዓት ላይ ምን አለ?

ኃላፊው፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እህትህ ልትፈትሽ ትመጣለች። አንድ የሚበላ ፍሬ ካላየች በረንዳው ተነጠቀ። ሦስት ዓመት ታገሠችኝ፤ አሁን በቃኝ ብላለች። እኔ ደግሞ ከጡረታ ወዲህ ቢሮ ብዬ የምገባበት ይሄ በረንዳ ብቻ ነው። ጠዋት ተነስቼ ጃኬት ለብሼ የምሄድበት ካጣሁ፣ ሰውዬ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ስቆጥር መዋሌ ነው። እውነቴን ነው የምልህ፣ ፈርቻለሁ።

ጠጋኙ፦ ቲማቲም ነው የቸገረዎት?

ኃላፊው፦ አንዲት ፍሬ።

ጠጋኙ፦ አለ እኮ።

ኃላፊው፦ የት?

ጠጋኙ፦ ላይ፣ ሰገነቱ ላይ።

ኃላፊው፦ ማን ተክሎት?

ጠጋኙ፦ የአምናው ሟች ነው ያበቀለው።

[ኃላፊው ባልዲ ጠርዝ ላይ ሊቀመጥ ሲል አገዳው ወጋውና ተነሣ።]

ኃላፊው፦ የአምናውን አፈር ጣለው አላልኩህም?

ጠጋኙ፦ ልጥለው ሊፍት ውስጥ አስገባሁት። ሊፍቱ ጭነት ይዞ መውረድ እምቢ ብሏል፤ መውጣቱን ግን ይወጣል። እኔም ወጣሁ። እዚያ ስደርስ "ርቦት ነው የሞተው" ያሉኝ ትዝ አለኝና አንጀቴን በላው። ከእትዬ ወጥ ቤት የድንች ልጣጭ፣ የሻይ ቅጠል አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት ለቃቅሜ ቀላቀልኩበት። ሸፍኜው ከረመ። ስከፍተው ነፍስ ዘርቷል።

ኃላፊው፦ ይሄን ከየትኛው መጽሐፍ አገኘኸው?

ጠጋኙ፦ ከርስዎ አፍ ነዋ።

ኃላፊው፦ ትናንት ሰላጣው ላይ የነበረው ቲማቲም...

ጠጋኙ፦ እሱ ነው። "ይሄን ያበቀለ ሰው ሥራውን ያውቃል፤ በየዓመቱ አዲስ አፈር ነው የሚጠቀመው" ብለው ሁለቴ የጨመሩት።

[ኃላፊው ጃኬቱን አስተካከለ፤ የድሮው ኃላፊ ተመልሶ መጣ።]

ኃላፊው፦ ጥሩ። አፈሩ የኔ፣ ልጣጩ ከቤቴ፤ ስለዚህ ቲማቲሙም የኔ ነው። ሂድና አንድ ባልዲ አውርድ።

ጠጋኙ፦ ቅጹ ግርጌ ላይ ግን "የተወገደ ንብረት የተረካቢው ይሆናል" ይላል። እርስዎ ነዎት የጻፉት።

ኃላፊው፦ እሺ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ተረካቢው አንተ ነህ፤ አንተ ደግሞ ዘመዴ ነህ። ለአንድ ሰዓት አውሰኝ።

ጠጋኙ፦ ተረካቢው እኔ ብሆን ዓይኔን አላሽም ነበር።

ኃላፊው፦ አንተ አይደለህም? አምጣ ያለፉትን ዓመታት ቅጾች።

[ጠጋኙ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሦስት ወረቀቶች አወጣ። ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ የራሱን ቅጽ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ታች አነበበ።]

ኃላፊው፦ ይሄ የእህትህ ጽሕፈት ነው።

ጠጋኙ፦ የተረካቢው ስምም የሷ ነው።

ኃላፊው፦ ሦስቱም ላይ?

ጠጋኙ፦ ሦስቱም ላይ። ማኅተሙ ደግሞ የርስዎ።

ኃላፊው፦ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ታዲያ አንድ ፍሬ ካላየሁ ብላ የምታስጨንቀኝ ምን ጎድሏት ነው?

ጠጋኙ፦ ቦታ። ሰገነቱ በቲማቲምና በቆስጣ ሞላባት። ይሄ በረንዳ ፀሐይ ያገኛል፤ ዓይኗን ከጣለችበት ቆየች።

[ኃላፊው ስድስቱን አገዳዎች አንድ በአንድ አያቸው። ተሸንፏል፤ መሸነፉንም ያውቃል። ቢሆንም ፊቱ ላይ ከሽንፈት ሌላ ነገር መጣ።]

ኃላፊው፦ ያን ሁሉ ተክል ብቻዋን ነው የምታጠጣው?

ጠጋኙ፦ ብቻዋን። ወገቧን አሟታል፤ ሰው ትፈልጋለች።

ኃላፊው፦ [ጉሮሮውን ጠረገ] ለየትኛው የሥራ መደብ?

ጠጋኙ፦ ውሃ ቀጂ።

ኃላፊው፦ የኃላፊነቱስ ቦታ?

ጠጋኙ፦ ተይዟል።

ኃላፊው፦ [ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ ወደ ሊፍቱ እያመራ] ማመልከቻ በጽሑፍ ነው?

ጠጋኙ፦ በጽሑፍ ነው፣ ጋሼ። ግን እሷ ሳታነብ አትፈርምም።