ማክሰኞ ማክሰኞ የማይነክሰው አዞ

ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ አዳማ በሙቀት ስትነድ፣ ይፍቱስራ በምትሠራበት መነጽር ቤት ባንኮኒ ላይ ክንዷን ተንተርሳ ሕልም አየች። በሥራ ሰዓት ተኛች ብሎ የሚፈርድባት ካለ በመጀመሪያ የደረሰባትን በደል ይስማ።

«የአዞው ሐይቅ» የሚባል የቪዲዮ ጨዋታ አለ። የጨዋታው አድናቂዎች ስለ እሱ የሚያውቁትን ሁሉ እየጻፉ የሚያጠራቅሙበት ዊኪም አለ፤ ደሞዝ የለውም፣ አለቃ ግን አላጣም። ይፍቱስራ ሰባት ማክሰኞ ሙሉ በጨዋታው ሐይቅ ዳር ስትጠብቅ ከርማ ማንም ያላስተዋለውን ነገር ደረሰችበት። ዛሬ ጠዋት «አዞው ማክሰኞ ማክሰኞ አይነክስም» ብላ ዊኪው ላይ ጻፈች። በዚህች ዓረፍተ ነገር የኮራችውን ያህል በዲፕሎማዋም አልኮራችም። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይቆይ የዊኪው አስተዳዳሪ ልዑልሰገድ ሰረዘባት። «ምንጭ የለውም። ራስሽ ያየሽው ምንጭ አይሆንም» የሚል መልእክትም አስከተለ። ምሳዋንም በቅጡ ሳትበላ ተኛች።

በሕልሟ ቀበሌ ሄደች። ሠራተኞቹ ውጭ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ባለጉዳዮቹ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አንድ ሸበቶ ጸሐፊ ማኅተማቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀረቧት።

«እትዬ፣ አንዲት ማኅተም ልምታልዎ? ከንጋት ጀምሬ ቆሜያለሁ።»

«ነገ ይመለሱ» አለቻቸው። ደስ አላት፤ ምን ይደረግ።

ቀጥሎ መንገድ ላይ ነበረች። ተሳፋሪዎች ታክሲያቸውን ትከሻቸው ላይ ጭነው ይሮጣሉ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ «ፖስታ ቤት! ፖስታ ቤት!» ሲል ሁሉም ቀጥ አሉ።

«ምንጭ!» ብለው ጮኹበት።

ረዳቱ ቀኝ እግሩን አነሳ። የጫማው ሶል ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «የከተማው ካርታ፣ ገጽ ዐሥራ አራት» ይላል። «እሺ፣ ይሁንለት» ተባብለው ሩጫቸውን ቀጠሉ። በዚያ አገር የሰው ንግግር ምንጩ ጫማው ሥር ይጻፋል። እግሩን የማያነሳ አፉን ይዘጋል። ጓደኛሞች «ደኅና ነኝ» ለመባባል እንኳ በአንድ እግራቸው ይቆማሉ።

ታክሲው ሐይቅ ዳር አወረዳት። እዚያ አዞዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። እነሱም ዊኪ አላቸው፤ የሚጽፉት ግን ስለ ሰዎች ነው። ሊቀመንበሩ፣ አንድ ሽማግሌ አዞ፣ ከይፍቱስራ ሱቅ የተገዛ መነጽር ሰክተው አዲሱን ገጽ አነበቡ።

«ይፍቱስራ። ማክሰኞ ማክሰኞ ትነክሳለች።»

ሁለት ዳክዬዎች የቆዳ አፍ ማሰሪያ ይዘው ቀረቡ። በዚያ አገር የተጻፈ ነገር ይፈጸማል። ዓረፍተ ነገሩ አሁኑኑ ካልተሰረዘ አፏ ዕድሜ ልኳን ይታሰራል።

«ጋሼ አዞ፣ እኔ እኮ ሰው ነክሼ አላውቅም!»

«ራስሽ የምታውቂው ምንጭ አይሆንም» አሉ አዞው።

ማሰሪያው አገጯን ሲነካት ጣቷን ወደ ሊቀመንበሩ ቀሰረች።

«የእርስዎስ ምንጭ?»

አዞው ምንም አልደነገጡም። የግራ እግራቸውን ኮራ ብለው አነሱ። «የዳክዬዎች ድምፅ» ጋዜጣ፣ የዛሬው እትም።

ይፍቱስራ ከሁለቱ ዳክዬዎች አንዷ ወደሆነችው የጋዜጣዋ አዘጋጅ ዞረች። «አንቺም እግርሽን አንሺ!» ዳክዬዋ አነሳች። የፔሊካኗ ሬዲዮ፣ የጠዋቱ ዜና። ይህቺ ትልቅ መንቁር ያላት ወፍ እዚያው ቆማ ነበር፤ ሹልክ ብላ ልትበር ስትል ይፍቱስራ ክንፏን ያዘቻትና እግሯን ገለበጠች። የአዞዎች ዊኪ፣ የይፍቱስራ ገጽ።

«እርስዎ ከዳክዬዋ ሰሙ» አለች፤ ድምፅዋ ሐይቁን ተሻግሮ ተሰማ። «ዳክዬዋ ከፔሊካኗ፣ ፔሊካኗ ከእርስዎ! ለመሆኑ ስነክስ በዓይኑ ያየኝ ማነው?»

ሦስቱም በአንድ እግራቸው እንደቆሙ ተያዩ። ከዚያ እርስ በርስ ተደጋግፈው ወደቁ። አዞው ከመሬት ሳይነሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማንም» አሉ በቀጭን ድምፅ።

ዓረፍተ ነገሩ ተሰረዘ። እልልታው ቀለጠ። ይፍቱስራ ግን ገና አልጨረሰችም። «እኔ ደግሞ ስለ እርስዎ የምጽፈው አለኝ» ብላ የራሷን እግር አነሳች። ሶሏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጽፎበታል፤ ሰባቱ ማክሰኞዎች ከነቀናቸው፣ የጨዋታው ሥሪት ከነቁጥሩ፣ የሐይቁ ዳርቻ ከነስሙ፣ ቪዲዮው ከነደቂቃው። በእውኑ ዓለም አንዱንም አልመዘገበችም ነበር። እዚህ ግን አንድ ነጥብ አልጎደለም።

አዞው አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ፣ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ልክ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ጥርሴን ያመኛል። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።»

ዳክዬዎቹ አፍ ማሰሪያውን ጥለው አጨበጨቡ። የቀበሌው ሠራተኞች ሰልፋቸውን በትነው እየሮጡ መጡና ዓረፍተ ነገሯ ላይ አርባ ማኅተም መቱበት። ተሳፋሪዎቹ ታክሲውን አውርደው እሷን ተሸከሙ። «ምንጭ አላት! ምንጭ አላት!» እያሉ ሐይቁን አዞሯት። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ጉንጯ ሥር ስልኳ ነዘረ። ነቃች።

ዊኪውን ስትከፍት ዓረፍተ ነገሯ ተመልሳለች! ቃል በቃል፤ አጠገቧም የምንጭ ቁጥር ተጨምሮላታል። በደስታ ስትጮኽ መነጽር ይሞክሩ የነበሩ ደንበኛ ደንግጠው መስተዋቱን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸውም። ይፍቱስራ እየሳቀች የምንጩን ቁጥር ነካችው። አንድ የጨዋታ ዜና ድረ ገጽ ተከፈተ። ድረ ገጹ ጠዋት ልዑልሰገድ ሳይሰርዛት በፊት ዓረፍተ ነገሯን ከዊኪው ላይ እንዳለች ገልብጦ አውጥቷታል። ልዑልሰገድ ደግሞ ይህንኑ ዜና አግኝቶ በምንጭነት ጠቅሶታል፤ ከሥሩም ማስታወሻ አክሏል።

«አስተማማኝ ምንጭ ስለተገኘ ተመልሷል። ይፍቱስራ፣ ወደፊት አንቺም እንዲህ አድርገሽ ጥቀሺ።»

ይፍቱስራ ቶሎ ብላ ጻፈችለት። «ኧረ ልዑልሰገድ፣ እነሱ እኮ የቀዱት ከእኔ ነው!»

መልሱ ወዲያው መጣ።

«ለዚህ ምንጭ አለሽ?»