በወረቀት የሞቱት አባቴ

«ግደላቸው አልኩህ! በዚህ በአብዮት ዘመን የቄስ ልጅ ማን ይቀጥራል?» ይለኛል ማመልከቻ ጸሐፊው ደምሴ።

«በሕይወት እያሉ?»

«በወረቀት ነዋ!» ብሎ የሕይወት ታሪኬን ጻፈው፦ ወላጅ አልባ፣ የድሃ ገበሬ ልጅ። አንባቢዬ፣ ከዚህ ሰው ብዕር ላስታ ውስጥ የተረፈ አባት ይኖር ይሆን?

ለመጋዘን ጸሐፊነት ቃለ መጠይቅ ስቀርብ የቅጥር ኮሚቴው ሊቀመንበር፣ «አባትህስ?» አለኝ።

«ሞተዋል፣ ጓድ።»

ለካ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴን ቤት ረስቼው ኖሯል፤ አባቴ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ይዘውልኝ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ሰምተዋል።

«እኚህ ማን ናቸው?» አለ ሌላው የኮሚቴ አባል።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አባቴ ባለፈው እሑድ ልጁን በድብቅ ያጠመቁለት ሊቀመንበርም ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

አባቴ ሰርተፊኬቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት፤ የዚህ እጓለ ማውታ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ወጡ፤ በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት።