«ይኸው ደረስን» ባዩ ዳዳ

የማንጂሪ ተራ ቀን ዋጋው የሚከፈለው በጉልበት ነው። ፑኔ ከተማ ውስጥ፣ አሳንሰሩ ከሚሠራበት የሚበላሽበት ቀን በሚበዛ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ጠዋት ለወተት አንድ ደርሶ መልስ፣ ልጇ ጫማውን በመስኮት ሲወረውር ሌላ ደርሶ መልስ፣ ለአትክልት አንድ፣ የረሳችውን ድንብላል ለማምጣት ደግሞ አንድ። ይህ ሁሉ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ታቅፋ ነው። ስለዚህ ጓደኛዋ ኬታኪ «ክረምቱ ሳይወጣ የካርናይጋድን አምባ እንውጣ» ስትላት አላመነታችም። «ተራራ ለኔ ምንድን ነው? ልጅ ያልታቀፉበት ደረጃ» አለች።

ያላሰበችው ነገር ቢኖር ዳዳን ነው።

ተራራ የሚወጣ ቡድን ሁሉ አንድ «ይኸው ደረስን» ባይ አያጣም። መሪ ባይኖር ይወጣል፣ ውሃ ባይያዝ ይወጣል፤ ያለዚህ ሰው ግን የተወጣ ተራራ የለም። የነማንጂሪ ቡድን ባለማዕረግ ክቡር ዲጋምባር ይባላል። የሦስተኛው ፎቅ ጎረቤት፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ሰፈሩ በሙሉ እንደ ታላቅ ወንድም «ዳዳ» የሚለው።

ዳዳ ርቀት የሚሰርቀው ተራራ ላይ ብቻ አይደለም። ሠርግ ቤት የምግቡ ሰልፍ በር ድረስ ተጥመልምሎ ሳለ «ይኸው ደረስን» ይላል። ባቡር ገና ሲነቃነቅ ሻንጣ ያወርዳል። ማንጂሪን ምጥ የያዛት ቀን፣ መንገዱን ጎርፍ ሞልቶት ሳለ በመኪናው ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው፤ ከግቢው በር ሳይወጡ «ይኸው ደረስን» ሲል ባሏ አምኖት በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ጎርፍ ውስጥ ነክሯል።

አምባው ግርጌ፣ እንደ አገሩ የአክብሮት ልማድ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ በእጃቸው ነክተው ግንባራቸውን ዳሰሱ። ዳዳ እጁን ከግንባሩ ሳያነሳ «ይኸው ደረስን» አለ።

«የት?» አለች ኬታኪ።

«አምባው ላይ። ደረጃው የአምባው አይደለም እንዴ?»

ማንጂሪ ከወለደች ወዲህ ልጇን ትታ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አናቱ ላይ ያለውን የጥንት ምሽግ የድንጋይ በር በእጇ ልትነካ ለራሷ ቃል ገብታለች፤ በመጨረሻው አውቶቡስ ልትመለስ ደግሞ ለአማቷ። ሁለቱን ቃል አንድ ቀን ውስጥ ማስገባት ነበረባት።

ዝናቡ ያካፋል፣ ጭቃው ጫማ ይጠባል፣ ትንንሽ ሸርጣኖች መንገዱን እያቋረጡ ይሮጣሉ። «ከዚያ መታጠፊያ ወዲያ ነው» ይላል ዳዳ። ከመታጠፊያው ወዲያ ሌላ መታጠፊያ። «ይቺን ጉብታ ብቻ።» ጉብታዋ እናት አላት፣ እናቷም እናት አላት። መሀል ላይ የሚታለቡ ጎሾቻቸውን እየነዱ የሚወርዱ ሽማግሌ አገኙ።

«አባ፣ ብዙ ቀረን?» አለች ኬታኪ።

«ኧረ ልጄ፣ ገና ግማሹንም አልነካችሁት።»

ኬታኪ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች።

«አትስሟቸው» አለ ዳዳ፣ ሽማግሌው ራቅ ሲሉ። «እሳቸው የሚለኩት በጎሽ ነው። ጎሽ አራት እግር አለው፤ የኛን ለማግኘት ለሁለት ማካፈል ነው።»

«አንተንስ ለስንት እናካፍልህ?»

በመጨረሻ ከቋጥኙ ተፈልፍሎ የወጣው ደረጃ ጋ ደረሱ። ቀጭን ውሃ ይወርድበታል፤ የሚይዙት ሰንሰለት አለው፤ ጫፉን ጉም ውጦታል። ማንጂሪ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ዳዳ፣ ስንት ቀረ? የእውነትህን።»

ዳዳ መነጽሩን አውልቆ በእርጥብ ሸሚዙ ጠረገ፤ ባሰበት። መልሶ አደረገው።

«ሩቅ ነው» አለ። «ደረጃው አያስፈራም፣ ሰንሰለቱን ይዞ ቀስ ማለት ነው። ግን ገና ነው። ከወጣን አውቶቡሱ ሊያመልጠን ይችላል። ልጅ የሚጠብቃት እናት ላይ አልዋሽም። አንቺ ወስኚ።»

ማንጂሪ እንዲህ ደንግጣ አታውቅም። ያን ሁሉ ውሸት ተሸክሞ የወጣ ጉልበቷ በአንዲት እውነት ቄጤማ ሆነ። ልጇን አሰበች። አማቷ ሦስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው፣ አራተኛው አያቅታቸውም። አውቶቡሱ ቢሄድ አመሻሽ ላይ ወደ ከተማ የሚገባ የወተት መኪና አለ። ጭንቅላቷ ወሰነ። እግሯ ግን ከጭንቅላቷ ጋር የተኳረፈ ይመስል ንቅንቅ አልል አለ።

«እንወጣለን» አለች። «ግን ዳዳ፣ እንደ ወትሮህ በለኝ።»

«አሁን እኮ እውነቱን ብለሽ...»

«ሰማሁት። አልጠቀመኝም። በል።»

ዳዳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኸው ደረስን።»

«ቆመህ ነው እንዴ የምትለው?» አለች ኬታኪ፣ ሰንሰለቱን እየያዘች። «እየሄድክ በል እንጂ።»

እየሄደ አለ። በየደረጃው አለ። ትንፋሽ ሲያጥረው ግማሹን ብቻ፣ «ይኸው... ይኸው...» አለ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ከጉም በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ማንጂሪ እርጥቡን ድንጋይ በሁለት መዳፏ ያዘች፤ ክንዷ ድረስ እስኪበርዳት አልለቀቀችም። ስልክ የሚሠራው እዚያ ብቻ ነበርና ዳዳ ቀድሟት ወደ አማቷ ደወለ።

«እማማ፣ አውቶቡስ ላይ ነን። ይኸው ደረስን።»

የአማቷ ሳቅ ከስልኩ ውስጥ ተሰማ። «እንግዲያው ገና አናቱ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ልጁ በልቷል። ሲመሽ እጠብቃችኋለሁ፤ ቀስ ብላ ትውረድ በላት።»

እንግዲህ ማንጂሪ አንባቢን አንድ ነገር ትለምናለች። በክረምት አምባ ስትወጡ፣ መነጽሩ በጉም የታወረ ሰው ቀድሟችሁ እየሄደ «ይኸው ደረስን» ቢላችሁ፣ እባካችሁ ከላይ የሚወርደውን መንገደኛ አትጠይቁበት። ሰዓትም አትዩ። «እሺ ዳዳ» በሉና ተከተሉት። ስድቡን ስትወርዱ ታደርሱለታላችሁ።