የጋሽ ውሃልክ ጎባጣ

ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ ሐዘንተኛዋን ከማጽናናቱ በፊት ግድግዳው ላይ የተንጋደደውን ፎቶ ያቃናል። ያ ሰው ለእኔ ባሌ ነው። ግንበኛ ነበር፤ ውሃ ልኩ ከብብቱ ስለማትለይ ሰፈሩ «ጋሽ ውሃልክ» ይለዋል።

ክቡርነታቸው ለጋብቻ ሊጠይቁኝ የመጡ ዕለት፣ አባቴን ሰላም ሳይሉ «መቃኑ አንድ ጣት ያዘነብላል» አሉ። አባቴም «ልጄን ልትጠይቅ ነው የመጣኸው ወይስ በሬን ልትጠግን?» አለው። በሩን ጠገነ፣ እኔንም ወሰደ። በሩ ቀና፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልቀናሁለትም።

ዘንድሮ ልጃችን ከአባቴ በቀረልን እርሻ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሠራች። ቤቱ አዲስ ነው፣ መልኩ ግን የጥንት የገበሬ ቤት፤ ወፍራምና ጎበጥ ጎበጥ ያለ የድንጋይ ግንብ፣ በኖራ የነጣ፣ መስኮቱ ትንንሽ፣ ጣሪያው ያልተላገ ግንድ። ደጁ በፀሐይ ሲነድ ውስጡ እንደ እንስራ ሆድ ይቀዘቅዛል።

«የሜዲትራኒያን አሠራር ነው፣ አባዬ።»

«እሱ ደግሞ ማን ነው? የት የት ሠርቷል?»

«ሰው አይደለም፣ ባሕር ነው። ዳርቻው ላይ ያሉ ገበሬዎች ድሮ የሚሠሩት ቤት ነው።»

«ውሃ አጠገብ እየኖሩ ውሃ ልክ አጡ?»

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች እሑድ ሊገቡ፣ የትልቁን ክፍል ግድግዳ የሚለስንላት ሰው ታሞ ቀረ። ካላለቀ እንግዶቹን መመለሷ ነው። አባቷን ለመነችው።

«ብቻ አባዬ፣ ቀጥ እንዳታደርገው። እጅህ ይታይበት።»

«እጄ እንዳይታይ አይደል እንዴ አርባ ስድስት ዓመት የለፋሁት!»

የመጀመሪያ ቀን መስታወት አስመስሎ ላጨው። አስፈረሰችው። በማግስቱ «ጎባጣ ከፈለገች ጎባጣ ላሳያት» አለና በየሠላሳ ሳንቲሙ በጠመኔ ምልክት አደረገ፤ እያንዳንዷን ጉብታ በሜትር ለክቶ ደረደራት። ልጃችን ቆማ አየችና፣

«አባዬ፣ ይሄ ግድግዳ ነው ማበጠሪያ?» አለች። ወዲያው ድምፅዋ ተሰበረ። «በቃ ተወው። ነገ አትምጣ። ለእንግዶቹም ደውዬ አትምጡ እላቸዋለሁ።»

አትምጣ! ሥራ ላይ እንዲህ ተብሎ አያውቅም።

ሲነጋ ግን ቀድሞኝ ለብሷል። ውሃ ልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቷት ወጣ።

«የምትጠላው ይቺን ነው፤ ትቅር። በዓይኔ ብቻ ቀጥ አደርገዋለሁ። ከዚያ ካልወደደችው እኔው አፈርሰዋለሁ።»

ተከትዬው ሄድኩ፤ ባልዲ አቀባይ ሆንኩ። የሚለስንባት ማንካ እጁ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ኖራውን ይለጥፋል፣ ወደ ኋላ ብሎ ዓይኑን ያጠባል።

«ቀጥ አለ?»

«ቀጥ ብሏል» እለዋለሁ።

ምኑ ቀጥ ይላል! አንዱ ጋ ገባ ይላል፣ ሌላው ጋ እንደ ተኛ ሰው ጎን ለስለስ ብሎ ከፍ ይላል። ያ አገር ያወቀው እጅ መቼ እንዳረጀ እኔም አላየሁትም ነበር። ልጃችን መጣች፤ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና አባቷን አንገቱን አቅፋ ሳመችው። እሱም «አላልኩሽም? ሰው መጨረሻው ወደ ቀጥታው ነው» አላት። እኔና እሷ ወለል ወለሉን አየን።

እሑድ እንግዶቹ ገቡ። አንዷ ሴትዮ ግድግዳው ጋ ቆም አለችና «ማን ነው እንዲህ አሳምሮ ያጎበጠው?» አትልም!

ጉዳችን ፈላ። እሱ ሄዶ ጉንጩን ከኖራው አስጠጋ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየው። ቆየ። ቀና ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«እንዲህ ለማጉበጥ፣ የኔ እመቤት፣» አለ፣ «አርባ ስድስት ዓመት ይፈጃል።»

ሲመለስ በአጠገቤ እያለፈ ጆሮዬ ጋ ጎንበስ አለ። «ውሸታም» አለኝ። እንዲህ አቆላምጦ ጠርቶኝ አያውቅም።