የእንባ ተቆጣጣሪዋ

ከእሱ ጋር ፊልም ማየት የማይቻል ሰው የሌለበት ቤተሰብ ገና አልተፈጠረም። አንዱ ያንኮራፋል፤ ይህ ከሁሉም የተሻለው ነው። ሌላው ፊልሙን ቀድሞ አይቶት ይመጣና «አሁን ይሞታል፣ ጠብቁ!» እያለ ያረዳችኋል። ከሁሉም የከፋው ግን እንባ መርማሪው ነው። ማን ማንን ወደደ፣ ማን ማንን ከዳ፣ ጉዳዩ አይደለም። ሰው ሞቶ ለቅሶ እስኪጀመር አድፍጦ ይጠብቃል፤ ልክ ሲጀመር ከሶፋው ብድግ ብሎ «ውሸት!» ይላል።

በዚህ ቤተሰብ ሹመቱን የያዙት አክስቲቱ ናቸው። የእህትና የወንድም ልጆች ተሰብስበው ያጸደቁላቸው ሙሉ ማዕረግ «ክብርት የእንባ ተቆጣጣሪ» የሚል ነው። በዚህ ማዕረግ ፊት ለፊት የሚጠራቸው ጀግና ግን እስካሁን አልተገኘም።

ሹመቱ ያለ ሥራ ልምድ የተሰጠ እንዳይመስላችሁ። ክብርትነታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ነርስ ነበሩ፤ ያውም በጽኑ ሕሙማን ክፍል። ሐኪሞቹ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ በሽተኛ ሲሞት ድንገት ሌላ ሥራ ትዝ ይላቸዋል። እናም በር ላይ ለሚጠብቀው ዘመድ መርዶ መንገር የእሳቸው ድርሻ ሆኖ ቀረ። ስንት ሰው ፊታቸው እንዳለቀሰ እሳቸውም አያውቁትም። ጡረታ ሲወጡ የምስጋና ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው። እውቀቱን የሚረከብ ስላልተገኘ እሱን ይዘው ወደ እህታቸው ሳሎን መጡ።

እሁድ ከሰዓት ነው እንበል። ፊልሙ ላይ አንድ አባወራ አልጋ ላይ ተጋድሞ ቤተሰቡን ተራ በተራ ይመክራል። ለትልቁ ልጅ ስለ ይቅርታ፣ ለትንሿ ስለ ፍቅር፣ ለሚስቱ ስለ ሁለቱም። አክስት መነጽራቸውን ያስተካክላሉ። «ይሄ ሰውዬ ሳንባውን ነው የታመመው ወይስ ለምርጫ ነው የሚወዳደረው? ሳንባው የደከመ ሰው እኮ ‹ውሃ› ለማለት ሁለቴ ነው የሚተነፍሰው!» ሰውዬው በስንት መከራ ንግግሩን ጨርሶ ሲሞት እጁ ከአልጋው ላይ ዱብ ይላል። «ውሸት!»

ቀጥሎ ቀብር ይመጣል፤ ከቀብሩ ጋር ዝናብ። «ቆይ፣ ይሄ ዝናብ ቀብር እንጂ ሰርግ አያውቅም? ጃንጥላውንስ ማን ነው ያከፋፈላቸው? ዘመድ ከሆኑ አንዷ እንኳ አበባ ያለበት ይዛ ትመጣለች!» ከዚያ ሚስትየው መስኮት ላይ ቆማ ወደ ውጭ በትካዜ ትመለከታለች። «የሞተባት ሴት መስኮት ላይ የምትቆምበትን ጊዜ ከየት አመጣችው? ስንት ወረቀት የምታስፈርመው አለ! ደግሞ ኩሏን እዩት፣ ንክች አላለም።»

በተለይ ስክሪኑ ላይ «ከሦስት ወር በኋላ» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ መበለቲቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ፈገግ ካለች፣ ያን ቀን አለቀልን። «በሦስት ወር? በሦስት ወር እኮ የጥርስ ብሩሹ እንኳ ከብርጭቆው ውስጥ አይነሳም!»

አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ፊልሙ ልቧን ነክቷት ትንሰቀሰቃለች። አክስት ሶፍቱን ከእጇ ላይ ወስደው አጣጠፉና መለሱላት። «ልጄ፣ ቆጥቢው። ዕድሜሽ ገና ነው» አሏት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሪሞቱን ነጥቀው ድምፁን አጠፉት። «እስኪ ሙዚቃውን ዝጉትና አልቅሱ!» ሙዚቃው ሲጠፋ፣ እውነት ለመናገር፣ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። የእህታቸው ባል እንዲያውም አስነጠሰው። ከዚያን ቀን ወዲህ እሳቸው ሲመጡ ሰውዬው ኳስ ይከፍታል። ምን ዋጋ አለው? «የተመታው ጉልበቱን፣ የያዘው ቁርጭምጭሚቱን። ውሸት!»

ዘመድ አፉ አያርፍምና ከኋላቸው ብዙ ይባላል። ባለቤታቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በፊት፣ አክስት ዕድሜ ልካቸውን በሠሩበት በዚያው ሆስፒታል አረፉ። በቀብሩ ዕለት ከአክስት ዓይን አንዲት ጠብታ ስትወርድ ያየ ሰው የለም። ወንበር ሲያስተካክሉ ነበር። የደከማቸውን አዛውንት ጥላ ውስጥ አስቀምጠው የደም ግፊታቸውን ለኩ። «ሥራዋ ልቧን አደንድኖታል» አሉ ሰዎች። ይህን ከሰሙት አንዱ የወንድማቸው ልጅ ነው። አላመነም፤ ግን አልተከራከረምም።

ይህ ልጅ የፊልም ኤዲተር ነው። ሌላው ቀርጾ ያመጣውን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ሙዚቃ ይጨምራል። ለዓመታት የሳሙናና የቀለም ማስታወቂያ ሲሠራ ኖሮ፣ ስሙ የሚጻፍበት ሙሉ ፊልም ገና አሁን እጁ ገባ። ይህንንም ከአክስቱ አራት ወር ሙሉ ደበቀው። ሰው ፍቅረኛውን እንኳ እንዲህ አይደብቅም።

የፊልሙ አንጀት የሚባለው ቦታ እንዲህ ነው። አንዲት ሚስት ሆስፒታል ለተኛው ባሏ በፔርሙስ ሾርባ ይዛ ትመጣለች። ኮሪደሩ ላይ ነርሷ ታገኛትና «በጣም አዝናለሁ» ትላታለች። ፔርሙሱ ከእጇ ያመልጣል። በዝግታ ይወድቃል። ከላይ ሲወድቅ ይታያል፣ ከታች ሲወድቅ ይታያል፣ ከጎን ሲወድቅ ይታያል፤ ቫዮሊኑም አብሮ ይወድቃል። ልጁ ይህን ፔርሙስ ለመጣል ዘጠኝ ቀን ፈጅቷል፤ ኮርቶበትም ነበር።

ለሙከራ ሃያ ሰው ጠርተው ቢያሳዩ ሃያውም ሳቁ። አንዱማ እንባው እስኪወርድ ነው የሳቀው፤ በዚያ ፊልም የወረደው ብቸኛ እውነተኛ እንባ ያ ነበር። ፕሮዲውሰሩ ግን አልሳቀም። «እስከ ሐሙስ አስተካክል። ካልቻልክ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለው። አራት ወር የደከመበት፣ ለእናቱ ሳይቀር «ስሜን ታዪዋለሽ» ብሎ የተናገረለት ሥራ በሦስት ቀን ከእጁ ሊወጣ ሆነ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እሱ ደግሞ አክስቱን ጠራ።

የሥራ ቦታው ከጥርስ ሐኪም በላይ ያለች፣ ሁለት ስክሪንና አንድ የሚነቃነቅ ወንበር የሚበቃት ክፍል ናት። አክስት ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው ተቀመጡ። ከታች የመሰርሰሪያው ድምፅና የአንድ ሰው ጩኸት ተሰማ። «ይሄ እውነተኛ ነው» አሉ ረክተው። ልጁ ትዕይንቱን ከፈተላቸው። ፔርሙሱ ገና መሬት ሳይደርስ ጮኹ።

«አቁም!»

«ውሸት ነው፣ አውቃለሁ አክስቴ» አለ ልጁ ቀድሞ፤ ከመመታት መሸነፍ ይሻላል ብሎ።

«ያቺ ነርስ ትባረር!»

«ተዋናይ እኮ ናት።»

«ተዋናይም ብትሆን ትባረር! ትኩስ ነገር ለያዘች ሴት እንዴት ነው መርዶ የሚነገረው? መጀመሪያ ለምን አልተቀበለቻትም?»

ልጁ ግራ ገባው። አክስት ወንበሩን እያንቋቁ ወደ እሱ ዞሩ። «ስማኝ። ገና ጀማሪ ሳለሁ ለአንዲት እናት እንዲሁ ቆሜ ነገርኳት። የያዘችው ሾርባ እግሯ ላይ ተገለበጠ። ልጇን ሳትቀብር የተቃጠለ እግሯን አከምንላት። ከዚያ በኋላ ያስተማርኳቸውን ሁሉ ምን እላቸው ነበር? መጀመሪያ እጇ ላይ ያለውን ተቀበይ። አስቀምጪ። ሴትየዋን አስቀምጪ። ከዚያ ተናገሪ። የኔ ክፍል ውስጥ በሠላሳ ዓመት አንድ ፔርሙስ አልተሰበረም! እናንተ ሰው ስታስለቅሱ የምትሰብሩት ዕቃ ብዛት ግን!»

ልጁ ይህን ሲሰማ አንድ የተጣለ ቀረጻ ትዝ አለው። በቀረጻው የመጀመሪያ ቀን ነርስ ሆና የምትጫወተው ልጅ፣ ደግ ናትና፣ ፔርሙሱ የከበዳት መስሏት እጇን ዘርግታ ልትቀበላት ነበር። ሚስት ሆና የምትጫወተው ደግሞ እንዲህ የሚል ነገር ስላልተጻፈላት ግራ ገብቷት አልለቅም አለች። ሁለቱም ፔርሙሱን ይዘው ተፋጠው ቆሙ፤ ዳይሬክተሩ «ማን ተቀበያት አለሽ!» ብሎ እስኪጮህ ድረስ። ልጁ ፈልጎ አገኘውና ከፈተው።

ነርሷ እጇን ዘረጋች። ሚስትየው ፔርሙሱን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው።

«እዚህ ጋ አቁመው» አሉ አክስት፤ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

አቆመው። «ውሸት» እስኪሉ ጠበቀ። አላሉም። ዞር ብሎ ሲያያቸው አገጫቸው ይንቀጠቀጣል።

«ያን ዕለት ንጹህ ፒጃማና ምላጭ ይዤለት ሄድኩ። ጠዋት ‹ጢሜ በላኝ› ብሎኝ ነበር» አሉ ስክሪኑን እያዩ። ስለ ባላቸው መሆኑ ለልጁ ወዲያው ገባው። «በሩ ላይ ያገኘችኝ እኔው ያስተማርኳት ልጅ ናት። ‹ደህና ዋሉ ሲስተር› አለችኝና ቦርሳውን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ሌላ ምንም አላለችኝም። መናገርም አላስፈለጋት። እኔ ነኝ እኮ ያስተማርኳት!»

«እና ምን አደረጉ?»

«አልሰጥም አልኳት።»

«ቦርሳውን?»

«አዎ! እሷ ትጎትታለች፣ እኔ እጎትታለሁ። የስልሳ ሁለት ዓመት ሴትዮ፣ የክፍል ኃላፊ የነበርኩ፣ ኮሪደር ላይ ቦርሳ ስጓተት! ፊልም ላይ ብታሳዩኝ ‹ውሸት!› ብዬ ነበር የምጮኸው።» ሳቁ፤ ሳቁም መሃል ላይ ተበላሸባቸው። «ከሰጠኋት ሞተ ማለት ነው። ካልሰጠኋት ገና ነው። አይደል?»

ልጁ ስለ ሐዘን የሚያውቀው ሙዚቃው የት ላይ እንደሚገባ ብቻ ነበር። በቀብሩ ዕለት ሰው ሲያማቸው ዝም ማለቱ ትዝ ብሎት አፈረ፤ አክስቱንም ወደዳቸው። መላ ያጣ እጁ እንደ ልማዱ ቀረጻውን ሊያስቀጥል ወደ ቁልፉ ሄደ።

«ተወው» አሉ። «ትንሽ ትያዘው።»

ተወው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያቺን ሴት ሲያዩ ቆዩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አክስት አፍንጫቸውን ተናፈጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጫማዋ ግን ውሸት ነው። ሆስፒታል የሚመላለስ ሰው ታኮ አያደርግም» አሉ።

ሐሙስ ፕሮዲውሰሩ መጥቶ አየው። ፔርሙሱ አይወድቅም፣ ቫዮሊን የለም፣ ነርሷም አፍ አውጥታ የምትናገረው ቃል የለም። «ምንድነው ይሄ? ማሽኑ ደርቆ ነው? አስራ አንድ ሰከንድ ሙሉ ሁለት ሴቶች ፔርሙስ ይዘው ይቆማሉ እንዴ? ሦስት ሰከንድ አድርገው!»

ልጁ «ከእሷ ላይ አንድ ሰከንድ ከሚቀነስ ለሌላ ሰው ይስጡት» አለ። በሕይወቱ እንዲህ ደፍሮ አያውቅም። ፕሮዲውሰሩ አፈጠጠበት። ለሌላ ሰው ለመስጠት መጀመሪያ ሌላ ሰው መኖር አለበት፤ እሱ ደግሞ ለምረቃው በቀረው አንድ ሳምንት አይገኝም። «ሰው ከሳቀ አንተን አያድርገኝ!» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ።

ፊልሙ በሚመረቅበት ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ዘመዶች መክረው ክብርትነታቸውን መሃል አስቀመጡና ግራና ቀኝ ጠባቂ አደረጉላቸው። ጥበቃው አልሠራም፤ በመጀመሪያው ሰዓት ብቻ «ውሸት!» አራት ጊዜ ተሰማ። ልጁ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ኮሪደሩ መጣ። ሚስትየው ፔርሙሷን ይዛ መጣች። ነርሷ እጇን ዘረጋች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። ሙዚቃ የለም። ሰው በወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ጀመረ። አንዱ ሳለ። አንድ ጎረምሳ «ቆመ እንዴ?» አለና ከጎኑ ያለችው ፍርፍር ብላ ልትስቅ ስትል አፏን ያዘች። ሳቁ ወደ ሌላው ረድፍ መተላለፍ ሲጀምር ልጁ ዓይኑን ጨፈነ።

ያኔ አክስት ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሙሉ አዳራሹን ወደ ኋላ ዞረው አዩት። ፊታቸው በእንባ ርሶ ነበር።

«ዝም በሉ!» አሉ። «ገና አልነገሯትም።»